አረፉ

ጃጁራ የምትኖረው የአባቴ ጎረቤት ጠዋት ደወለችልኝ። አባቴን ሳል እንቅልፍ ከነሳው ሦስት ቀን ሆኖታል አለችኝ። እኔ ሆሳዕና አስተማሪ ነኝ፤ ሚኒባስ ብይዝ ቶሎ እደርስ ነበር። ግን ካኮረፈኝ ሁለት ዓመት አልፎታል። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፤ እኔ ያገባሁት የዚሁ አገር ልጅ፣ ፕሮቴስታንት ነው። ከሠርጌ ወዲህ አባቴ ስልኬን አያነሳም። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ የሱው ልጅ አይደለሁ። «ራሱ ይጥራኝ» ብዬ ክፍል ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ እንደገና ደወለች።

«አባትሽ አረፉ» አለች ቀስ ብላ። «አሁን ገና አረፉ።»

ኔትወርኩ ተቋረጠ።

መንገዱን አላስታውሰውም። የማስታውሰው ደጁን ነው። ድንኳን የለም፣ አግዳሚ የለም፣ ሰው የለም። የእንሰቱ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። ሰው የሞተበት ቤት እንዲህ ጭር ሲል አይቼ ስለማላውቅ ፈራሁ። ቢሆንም እንደ ወጉ ከአጥሩ በር ጀምሬ ለቅሶዬን ለቀቅሁት። «አባዬ፣ ሳንታረቅ፤ አባዬ፣ በኩራቴ ብቻህን ገደልኩህ።» ሁለት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ ያልመጣው ሁሉ ያን ጊዜ ወጣ። ደረቴን እየመታሁ፣ «አባዬ» አልኩ።

«ወዬ» አለ ከውስጥ።

የአባቴ ድምፅ ነው። ቅዠት መስሎኝ ለቅሶዬን አቋረጥኩ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለ ያው ድምፅ።

ጎረቤቲቱ እየሮጠች ወጣች። ቤቷ የምትናገረው ሀዲይኛ ነው፤ አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ነው። «እህቴ፣ ሳሉ ተዋቸው፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ አረፉ አልኩሽ። ሞቱ መቼ አልኩ?» አለች ደንግጣ።

ገባሁ። አባቴ አልጋው ላይ ዓይኑን ጨፍኗል። ልስመው ጎንበስ ስል በእጁ ከለከለኝ።

«ቀጥዪ» አለኝ። «ደጅ ላይ ያልጨረስሽው አለ።»

ለሬሳ የነገርኩትን በሕይወት ላለ አባቴ ፊቱን እያየሁ መንገር አቃተኝ፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እሱ ግን ዓይኑን አልገለጠም። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ እንደተገነዘ ሰው ቀጥ ብሎ ተኛ። ትንፋሹን ራሱ ያዘው መሰለኝ። ምን እንደፈለገ ገባኝ። አለቀስኩለት። በጭቃው ወራት ትከሻው ላይ አድርጎ ትምህርት ቤት ማድረሱን፣ ስልኬን ሳያነሳ በቀረ ቁጥር የሚሰማኝን፣ ባሌ ደግ ሰው መሆኑን ሁሉ ነገርኩት።

ስጨርስ ዓይኑን ገለጠና ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

«አሁን አንቺ ጋደም በይ። ያገባሽ ቀን በር ዘግቼ፣ እንደሞትሽ ቆጥሬ አልቅሼልሻለሁ። ምን ብዬ እንዳለቀስኩ ልንገርሽ። ጨፍኚ።»

ጨፈንኩ። ሙት እንደሚጠራ አድርጎ ስሜን ጠራኝ፤ ማልቀስም ጀመረ።