ጭቃ ውስጥ ሆነን «ናጋ»

ደጃችን ላይ ጭቃ የያዘው መኪና ያጓራል። የተቃጠለ ጎማ ሽታ በመስኮት ገብቶ፣ እተኛሁበት ነገሌን አመጣብኝ።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ነገሌ የምናስተምር ሦስት ወጣቶች ቅዳሜ በተዋስነው ጂፕ ሊበን ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለን ልናድር ወጣን። መንገዱን ትተን ስንነዳ ጥቁሩ ጭቃ ጂፑን እስከ ሆዱ ዋጠው። እሑድ ረፋድ ውኃችን አለቀ። ያኔ አንድ የቦረና ሽማግሌ ግመሎቻቸውን እየነዱ መጡ።

በትራቸውን ተደግፈው፣ «ናጋ?» አሉን፤ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው።

«ናጋ!» አለ ኦሮምኛ እችላለሁ ባዩ ጓደኛችን።

«ከብቱ ናጋ? ቤቱ ናጋ?»

«ናጋ ነው፣ አባባ!»

የሰመጠውን ጎማ ዝቅ ብለው አዩት። «መኪናውስ ናጋ?»

ጓደኛችን አፉ እንደለመደው፣ «ናጋ!»

«እንግዲያው ደግ ነው። ሰው የሸሸገውን ችግር እኔ አልገልጥበትም» ብለው በአማርኛ መርቀውን ሄዱ።

መጥራት እንችል ነበር። ሦስታችንም አፍረን፣ የመጨረሻዋ ግመል እስክትሰወር በዓይናችን ሸኘናቸው።

ስልኬ ጮኸ፤ ልጄ ናት።

«አባዬ፣ ደህና ነህ?»

ከአልጋ ካልተነሣሁ ሳምንቴ ነው።

«ደህና ነኝ» አልኳት።