ማስተዋል የቀመሰችው ዳቦ

ማስተዋል የበጉን ጠጉር ለብ ባለ ውኃ ትነክራለች። አታሸውም፤ ከታሸ ይጠቀጠቅና ለምንም አይሆንም። ጨምቃ ታሰጣዋለች። ሲደርቅ እሾሁንና ጭራሮውን በጣቷ ትለቅማለች፣ ቋጠሮውን ትፈታለች፣ ከዚያ በደጋን ትነድፈዋለች። ሲሳሳላት ወደ እንዝርቱ። ክሯ እኩል ስለሆነ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሠሪዎች ይሻሙበታል።

እስከ አምና ድረስ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነበረች፤ ተምራበታለች። "ደመወዙ አንሶሽ ነው የለቀቅሽው?" ሲሏት "አዎ" ትላለች። ወሬ ያሳጥራል።

ነገሩ ሌላ ነው። ሔራን የምትባል ወላጅ የሌላት ልጅ፣ ደነባ አካባቢ ካለው ከአጎቷ ከይስማው ቤት ጠፍታ መጣች። ጀርባዋ ሰንበር በሰንበር ነው። ሊድሯትም ቀን ቆርጠዋል። ማስተዋል አንዲት ሴት ዘንድ አስጠጋቻትና ቤቱን ልታይ ሄደች።

ግቢው ውስጥ ሽማግሌዎች ተደርድረዋል። የይስማው ሚስት ዳቦ ቆርሳ አቀረበች።

"ሥራ ላይ ነኝ፣ ይቅርብኝ" አለች ማስተዋል።

"ምነው፣ የከተማ ሰው የገጠር ዳቦ ይንቃል እንዴ?" አለ ይስማው። ሁሉም ሳቁ።

እምቢ ካለች ቤቱን እንደማያሳዩዋት ገባት። ቆርሳ ቀመሰች። ሽማግሌዎቹ ወዲያው ብድግ ብለው መረቁ።

በማግስቱ ቢሮ ቀድመዋት ተገኙ። "በልጅቷና በአጎቷ መካከል እርቅ ወርዷል፤ ይቺ ሠራተኛችሁም አብራን በልታለች" አሉ። የእርቅ ማዕድ የቀመሰ ሰው ተመልሶ አይከስም። ማስተዋል ይህን ታውቃለች፤ የቀረበላት የእርቅ ማዕድ መሆኑን ግን የነገራት የለም።

"አንቺው የበላሽበትን እኔ ላፍርሰው?" አለ ኃላፊዋ ጌታሰው። "ደግሞ ሽማግሌ ከጨረሰው ለኛስ ምን ከፋን?"

ሔራንን ወደ አጎቷ ቤት ሊመልሷት ሚኒባስ ላይ ሲያሳፍሯት ማስተዋል አጠገቧ ቆማ ነበር።

"እትዬ፣ አንቺም በላሽ?" አለች ልጅቷ።

ማስተዋል በወሩ ልትጠይቃት ስትሄድ ተድራለች። ለማን፣ ወዴት፣ የሚነግራት ጠፋ። ይስማው ብቻ በር ድረስ ወጥቶ "ግቢ እንጂ፣ ከእንግዲህ ቤተሰብ ነሽ" አላት። በሳምንቱ መልቀቂያ አስገባች። በእሷ ቦታ የተቀጠረችውም አልቆየችም አሉ። ቢሮው የሠራተኛ ፍልሰት ምክንያቱ የደመወዝ ማነስ ነው ብሎ ሪፖርት አድርጓል።

ይህን ለሚያነብ ሰው ማስተዋል አንድ ልመና አላት። "ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት፣ ሔራን የምትባል ልጅ የምታውቁ ካላችሁ፣ በሕይወት መኖሯን ብቻ ላኩልኝ። የት እንዳለች እንድትነግሩኝ ካልፈለገች አትንገሩኝ።"