ጥቁር ለብሰን የወረድንበት ማለዳ

አሁን አምስተርዳም የተማሪ ክፍል ተከራይቼ ስኖር በጣም የሚናፍቀኝ ሆግቭሊት በሚባል ሰፈር የነበረው ቤታችን ነው። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አንዲት አሮጊት ሆላንዳዊት ይኖሩ ነበር። አባታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቀዘቀዘ ሥጋና ቅቤ በሚያጓጉዝ መርከብ ላይ የማቀዝቀዣ መካኒክ ነበሩ። መርከቡ ተመትቶ ሲሰጥም ግማሾቹ መርከበኞች በጀልባ ወጥተዋል። አባታቸው ግን ቤት አልተመለሱም፤ ከየትኞቹ እንደነበሩም የነገራቸው አልነበረም።

የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ዓመት ላይ የታሪክ ጽሑፍ ስንታዘዝ ያንን መርከብ መረጥኩ።

«ካገኘሽ ንገሪኝ፤ ምንም ይሁን» አሉኝ አሮጊቷ።

አባቴ ወደብ ላይ ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ስለነበር ብዙውን ያስረዳኝ እሱ ነው። ጃኬቱን ሳያወልቅ ወረቀቴ ላይ የመርከቡን ሆድ ይስልልኛል። «ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ግድግዳው በቡሽ ይሸፈናል። ማሽኑ እዚህ ታች ነው» ይለኛል።

ዴን ሃግ ከተማ ካለው መዝገብ ቤት የተረፈ መርከበኛ የሰጠውን ቃል አገኘሁ። መካኒኩ ማሽኑን ለማየት ወርዶ አልተመለሰም ይላል። አመሻሽ ላይ ቤት ደርሼ ወርጄ ልነግራቸው ስል እናቴ በሩ ላይ ያዘችኝ።

«በዚህ ሰዓት መርዶ ይነገራል? ያውም ብቻሽን?»

«እማ፣ ስልሳ ዓመት አልፎታል እኮ።»

«እሳቸው ገና አልሰሙማ።»

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ አጎቴ ከሚኖርበት ከሙርዋይክ መጣ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አባቴን ጨምሮ ሁላችንም ጥቁር ለብሰን ወርደን ደወልን። አሮጊቷ በሌሊት ልብሳቸው ከፈቱ።

«ቤቱ እየተቃጠለ ነው?»

«አይ፣ ደህና ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ያለ አፍስፕራክ?» እዚህ አገር ያለ ቀጠሮ ልጅም እናቱ ቤት አይሄድም። ከዚያ እናቴን አዩ፤ እጄ ላይ ያለውንም ወረቀት አዩ። «አልወጣም፣ አይደል?»

«ማሽኑን ለማየት ወርደው ነበር» ብቻ አልኩ።

«ይወርዳል፤ እሱ ሥራ ትቶ አይሄድም።» ወንበር ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። እኛም ዙሪያቸውን ተቀመጥን። ደች እምብዛም የማይችለው አጎቴ «አይዞዎት» እያለ በአማርኛ ያጽናናቸዋል።

ብዙ ቆይተው አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ታናሽ እህቴ አምስተርዳም ናት። በስልክ ልነግራት አስቤ ነበር» አሉኝ። በአገጫቸው ወደ አጎቴ እያመለከቱ «መኪና አለው?» ብለው ጠየቁ።

እሑድ ማለዳ አምስት ሆነን በአጎቴ መኪና ተጨናንቀን ወደ እህታቸው ሄድን። እሳቸውም ጥቁር ለብሰው ነበር።