የእናቴ ዛጎል

እናቴ ባሕር አይታ አታውቅም። ከጉለሌ ርቃ ብትሄድ ደብረ ሊባኖስ ድረስ ነው። አንገቷ ላይ ግን ዕድሜ ልኳን ከማተቧ ጋር የታሰረች አንዲት የባሕር ዛጎል ነበረች። ከእሷ በፊት የተወለዱት ሦስቱም ስለሞቱ፣ አያቴ ይህችንስ ሞት አይይብኝ ብላ ያሰረችላት ናት። ንስሐ አባታችን ሲመጡ በነጠላዋ ትሸፍናታለች።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። አልጋ ላይ በዋለችበት ክረምት አጠገቧ ቁጭ ብዬ በአሜሪካ ምድር ስለነበሩት ጥንታዊ የማያ ሕዝብ ነገሥታት እያነበብኩ እነግራት ነበር። ነገሥታቱ በሥርዓታቸው ቀን ዛጎል ያጠልቃሉ አልኳት። ዛጎል ለእነሱ ከምድር በታች ያለው ውኃ ምልክት ነው፤ ሕይወት የወጣበት፣ ሙታንም የሚገቡበት። ንጉሥ ሲሞት ከዛጎሉ ጋር ይቀበራል።

ሳቀች። «ታዲያ እኔም ከነገሥታቱ ወገን ነኛ!» ወዲያው ሳቋ ጠፋ። «ስሞት እንዳይፈቱብኝ። ጥንቆላ ይመስላቸዋል፤ አንቺ ቁሚልኝ።»

«እቆምልሻለሁ እማዬ» አልኳት። ተማርኩ ብሎ ለሚኩራራ ሰው ቃል መግባት ምን ይከብደዋል።

የእንጦጦ ጉም ግቢያችን ድረስ በወረደበት አንድ ጠዋት ሞተች። ሊያጥቧት ከመጡት የእድራችን ሴቶች አንዷ፣ ትልቋ፣ ዛጎሏን በሁለት ጣታቸው አንስተው አዩኝ።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ? ቄሱ ቢያዩስ?»

በየቀኑ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ የምለፈልፍ ሴትዮ፣ ያን ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ጠፋኝ። የእናቴ አደራ ነው ማለት ብቻ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ቆሟል። አፈርኩ።

«እኔ እንጃ፤ ይፍቱት» አልኩ።

ክሩን በመቀስ ቆረጡት። ማተቧን መልሰው አሰሩላትና ዛጎሏን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ገና እርጥብ ነበረች።

ለአርባዋ መቃብሯን በሲሚንቶ አስለሰንኩ። ሰው ሁሉ መረቀኝ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ ለሰማንያዋ ዛጎሏን በመሐረብ ቋጥሬ ሄድኩና፣ የማስገባበት ቀዳዳ ባገኝ ብዬ ልስኑን ዙሪያውን በጣቴ ዳሰስኩት። ግንበኛው ጎበዝ ነበር፤ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ እንኳ የለውም።

አሁን እኔ አንገት ላይ ናት። ንስሐ አባታችን ሲመጡ በነጠላዬ እሸፍናታለሁ።