ከኮረብታው በካርቶን

በሰባዎቹ አጋማሽ ጅግጅጋ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቼ ከቤቴ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ፣ በሳሙና ካርቶን ተቀምጠው በደረቀው ሣር ሲንሸራተቱ አየሁ። አወራረዳቸው አላማረኝም፤ ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ይገለበጣሉ። እኔ ደግሞ ደሴ ሳድግ በዚህ ጨዋታ የሰፈሩን ወንዶች ሁሉ የማስከነዳ ልጅ ነበርኩ።

ወጣሁና የአንዱን ካርቶን ፊት ወደ ላይ አጠፍኩት፤ ሁለት ቦታ በስቼም የምይዘው ገመድ አሰርኩበት።

«ቲቸር፣ አንቺ ትወድቂያለሽ» አለችኝ ሆዳን የምትባል ተማሪዬ።

«እዪና ተማሪ» አልኳትና ቀሚሴን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

ካርቶኑ ልክ እንደ ልጅነቴ ይዞኝ በረረ። ችግሩ፣ ከታች ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ቤቴ አቅጣጫ ይመጡ ነበር። ዞር እንዲሉ ብጮህም አልደረሰላቸውም፤ መሐል የነበሩትን ሽማግሌ እግራቸውን ጠልፌ ጣልኳቸው። የራሴን አቧራ ሳላራግፍ የእሳቸውን ጋቢ እያራገፍኩ ይቅርታ ለመንኩ። እሳቸው ከሣሩ ውስጥ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ።

«ምንም አልሆንኩም፣ ልጄ። የመምህርት አልማዝን ቤት ታውቂዋለሽ?»

«አልማዝ እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

ሦስቱም ተያዩ።

«ለጋብቻ ልንጠይቅሽ ነው የመጣነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «የላከን አብሮሽ የሚያስተምረው የፊዚክስ መምህር ነው። እሱ ግን የነገረን ዝምተኛና ቁጥብ ሴት መሆንሽን ነበር።»