የቡሬው ምትክ

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንደኛው የእርሻ በሬያችን ሞተ። ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ ቡሬ ነበር። በቀረው ብቻ ማረስ ስለማይቻል ከአባቴ ጋር ምትክ ፍለጋ ቁይ ገበያ ወረድን። እኔ ደብረ ማርቆስ የማስተምር መምህር ነኝና፣ የለመድነው ነገር ምርጫችንን እንዴት እንደሚመራው መንገዱን ሙሉ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

ገበያው ውስጥ ግን ትከሻቸው የሰፋ ቀይና ዳልቻ በሬዎችን አልፈው አባቴ አንድ ቡሬ ፊት ቆሙ። በሬው የኋላ እግሩን መሬት ሲያስነካ እንዳመመው ሁሉ ቶሎ ያነሳው ነበር።

«አባባ፣ ያነክሳል እኮ። እርስዎ የሚያዩት መልኩን ብቻ ነው።»

«በሬውንም ልታርመው ነው እንዴ፣ መምህሩ?» አሉና ሻኛውን ዳበስ አደረጉት። «ቡሬ አሳፍሮኝ አያውቅም።»

ባለቤቱ በሬውን ወዲያ ወዲህ ነዳልን። ሳላስበው ዓይኔ ከእግሩ ወደ መልኩ ሄደ። የሞተብንን በሬ ይመስላል። የሚያስነክሰው የገበያው ድንጋያማ መሬት ይሆናል አልኩ በልቤ።

አባቴ ዋጋውን ከፍለው ገመዱን ሲያስጨብጡኝ በሬውን እየሳብኩ መንገድ ጀመርኩ። ዳገቱን ስንወጣ በሬው ወደ ኋላ ቀረ። እርሳቸው እርምጃቸውን ቀነስ አደረጉለት፤ እኔም ቀነስኩ።