የጠባቂው መንጋጋ

ልጄን፣ አባትሽን፣ ፈልገው ሲያጡት እኔን ወሰዱኝ። የቀበሌው እስር ቤት ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ስገባ የነቀዘ ስንዴ ሸተተኝ። መስኮት የለውም፣ ብርሃን በቆርቆሮው ቀዳዳ ብቻ ነው የሚገባው። አስራ አንድ ሴቶች ጉልበት ለጉልበት ገጥመን እንቀመጣለን። በሩ ሲከፈት መሬት መሬት ማየት አለብን፤ ቀና ያለች ትመታለች።

ላፍቶ ያኔ ማሳ ነው፣ እኔም ወተት ሻጭ ነበርኩ። ላም ልትራገጥ ስትል ጎኗ ላይ ያለው ቆዳ ቀድሞ ይንቀጠቀጣል። እሱን ካላየሽ ወተቱም ይደፋል፣ አንቺም ትመቻለሽ። ጠባቂዎቹንም እንደዛው ነበር ሰርቄ የማያቸው። አንዱ እየጮኸ ይገባል፣ እጁ ግን ልል ነው፤ እሱን አልፈራውም። ሌላው ዝምተኛ ነው። መንጋጋው ይጠብቃል፣ ጡጫው ይጨበጣል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል። "ዛሬ ንዴት ላይ ነው፣ እንዳትተነፍሱ" እላቸዋለሁ ሴቶቹን።

አጠገቤ አንዲት ተማሪ ትኩሳት ይዟት ተኝታለች። አራተኛ ቀኗ ነው፣ ውሃም አልወርድ ብሏታል። ጤና ጣቢያ ካልወሰዷት እንደማትተርፍ ገባኝ። የዛን ቀን ተረኛው ዝምተኛው ሆነ። መንጋጋው ጠብቋል።

"እማማ፣ ይተዉት፣ ይመታዎታል" አለችኝ ልጅቷ፣ ልናገረው መሆኑ ገብቷት።

"አንቺ ዝም በይና ላብሽን ጥረጊ።"

ቀና አልኩ። ፊቱን በሙሉ ገና ያኔ ነው ያየሁት። አንድ ጉንጩ አብጧል።

"ጥርስህን ነው እንዴ የኔ ልጅ?"

"ማን ቀና በይ አለሽ?"

"ስንት ቀንህ ነው?"

"ሳምንቴ" አለ በቀስታ።

የነጠላዬን ጫፍ ቋጠሮ ፈትቼ ቅርንፉድ ሰጠሁት። "ያመመህ ላይ ያዘው፣ እንዳትውጠው። ለማስነቀል መሄድህ አይቀርም፤ ይቺን ልጅ ይዘሃት ሂድ፣ ልትሞትብን ነው።"

"አንቺ ሴትዮ ደግሞ አታፍሪም" አለኝ። ከሰዓት በኋላ መጥቶ ደግፎ አወጣት። በሦስተኛው ቀን መርፌ ተወግታ፣ ራበኝ እያለች ተመለሰች።

እኔ ታዲያ ሞኝ ነኝ። ንዴቱ ሁሉ የጥርሱ ነው ብዬ መፍራቴን ትቼ ነበር። ጥርሱ ተነቀለ፣ ጉንጩም ሟሸሸ። በሳምንቱ መጣና "ልጅሽ የት ነው?" ብሎ ትከሻዬን በሰደፍ መታኝ። ያን ቀን መንጋጋው አልጠበቀም። እጁም ልል ነበር።

ወደቅኩ። ተነሳሁና ነጠላዬን አስተካክዬ ለበስኩ። ዓይን ዓይኑን እያየሁ "አላውቅም" አልኩት። ባውቅም አልነግረውም ነበር።

ይኸው ስንት ዓመቱ። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ክንዱን ሲያነሳ ትከሻዬ ይሰበሰባል፤ አንቺ "እማዬ ምን ሆንሽ?" ትይኛለሽ። ያ ረዳት የሚጮህ ከሆነ ድንጋጤው ቶሎ ይለቀኛል። የተረጋጋ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ነው እስክወርድ እጁን የማየው።